ከአንድ ካርቶን አራት ጀሪካን

የከሚሴ ሾፌሮች ሀዲጃን «ዘይት ቀማሿ» ይሏታል። እውነቱን ለመናገር አትቀምስም፤ ታሸታለች፣ በጣቶቿ መሀል ታሻለች፣ በማንኪያ አድርጋ ቡታጋዝ ላይ ታሞቃለች። አሰብ ወደብ አንድ የዘይት ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። የድንበሩ ጦርነት ሊጀመር ሲል አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ ተወለደችበት አገር ስትመለስ ሌላ ያመጣችው ሀብት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ሁለት ዓመት ከአስፋልቱ ዳር ባለች ቆርቆሮ ሱቅ የሞተር ዘይት ትሸጣለች፤ ከሱቁ ጎን ባስቆፈረችው ጉድጓድ ላይም መኪና አቁማ ትቀይራለች። ሀዲጃ አይታ «ደህና ነው» ያለችውን ዘይት ሁለተኛ የሚጠይቅ ሾፌር የለም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አደም የጤና ጣቢያውን አምቡላንስ አምጥቶ ጉድጓዱ ላይ አቆመ። አደም ወሬ የማያበዛ፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሾፌር ነው። መኪናው ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነበር። አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምርለት ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ስለሆነ መመሪያው ሲንቴቲክ ዘይት ብቻ ይላል። ሀዲጃም ለዚሁ ብላ ኮምቦልቻ ካለ አከፋፋይ አንድ ካርቶን አስመጥታለች፤ ካርቶኑ ውስጥ አራት ጀሪካን አለ። ቅዳሜ ዕለት አንደኛውን ከፍታ ፈትሻው ነበር። ደህና ነው። አሁን ሁለተኛውን በጥድፊያ ለአምቡላንሱ ሞላች።

እዚያው ተራውን ሲጠብቅ የነበረው በድሩ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ፣ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«እትዬ ሀዲጃ፣ ይሄ ከኛው ዘይት በምን ይበልጣል?»

«ዘይት ሁለት ነገር ነው» አለችው። «አንዱ መነሻው ነው፤ ሁለተኛው ቅመሙ። ቅመሙ ጥላሸቱን ያጥባል፣ ብረት ብረትን እንዳይበላ ይከላከላል። የናንተ ዘይት መነሻው ከድፍድፍ ተጣርቶ የወጣ ነው። የዚህኛው ግን ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ እኩል የተደረገ ነው። ጠዋት አይወፍርም፣ ሐሩርና ዳገት ላይም አይቀጥንም።»

«እንግዲያው ለኔም ይሁን። ሞተሬን ካሳደስኩ ገና አንድ ወር ነው፤ ልሞክረው።»

አደም ሄደ። በድሩ ሚኒባሱን አስገባና የድሮው ዘይት ተንጠፍጥፎ ወጣ። ሀዲጃ ሦስተኛውን ጀሪካን ከፍታ ወደ ማንቆርቆሪያው መገልበጥ ጀመረች። ወዲያው እጇን መለሰችው።

ዘይቱ ይጎተታል። ሲንቴቲክ በዚህ ሰዓት እንደ ማር አይጎተትም። ጀሪካኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከሥር፣ በጣም ከሥር፣ የነጭ ጋዝ ሽታ አለው።

ምንም ሳትናገር ወደ ሱቁ ገባች። ሁለት ማንኪያ አነሳችና በአንዱ ቅዳሜ ከፈተሸችው፣ በሌላው ከሦስተኛው ጀሪካን አድርጋ እሳት ላይ ያዘቻቸው። የቅዳሜው ረጋ ብሎ ተቀመጠ። ሌላው ገና ሳይግል ጭስ አወጣ፤ ማንኪያውን ስታዘነብለው እንደ ውሃ ሮጠ። ሲቀዘቅዝ እንዲወፍር የሆነ ነገር ተጨምሮበታል እንጂ መነሻው የተቃጠለ ዘይት ነው። አጣርተው፣ አንጥተው፣ ጋዝ ደባልቀው፣ አዲስ ጀሪካን ውስጥ አሽገውታል። በማኅተሙ ቀለበት ዙሪያም አሁን ልብ ብላ ስታየው ማስቲሽ አለ።

አምቡላንሱ የተሞላበት ባዶ ጀሪካን በሩ ሥር ወድቋል። ገልብጣ የቀረውን ጠብታ ማንኪያ ላይ አንጠባጠበች። እሱም ጨሰ።

«ያረቢ» አለች ቀስ ብላ።

በድሩ በሩ ላይ ቆሟል። «ምን ሆንሽ?»

«ለአምቡላንሱ የሞላሁት ይሄንኑ ነው።»

ወደ አደም ደወለች። የቴሌዋ ሴትዮ በተቀረጸ ድምፅ ደንበኛው ሊገኙ አይችሉም አለቻት። ደገመች። ያው ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ወደምትሠራው ጎረቤቷ ወደ ዘይና ደወለች።

«አደም?» አለች ዘይና። «አሁን አሥር ደቂቃ ሆነው ወደ ደሴ ከወጣ። ከጨፋ ሮቢት ያመጧት ወላድ ገና ምጥ ላይ ሳለች ደም አላቆም ብሏት፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተብሎ ሲስተር ኢማን ይዛት ሄደች። ምነው?»

ሀዲጃ የኢማንን ስልክ ቁጥር ተቀብላ ዘጋች። ቁጥሩ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሞተሩ ሊችለው ይችላል። ከኮምቦልቻ በላይ ግን የሐረጎ ዳገት አለ። እዚያ ላይ ሞተሩ ይግላል፣ ይሄ ዘይት ውሃ ይሆናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መጀመሪያ ቱርቦው ከዚያ ሞተሩ ይሄዳል።

«እትዬ» አለ በድሩ፣ «ምናልባት ይደርስ ይሆናላ። አንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ ነው። ብትናገሪ ስምሽ ነው የሚጠፋው። ባይሰበር ደግሞ ማንም ሳያውቅ ነገ ጠርተሽ ትቀይሪለታለሽ።»

ሀዲጃ አየችው። ያሰበውን እሷም አስባዋለች፤ ለዚህም ነው የተናደደችው።

«ከበርሜሉ ቅዳ» አለችው። «ተራውን ዘይት። እሱን በእጄ ፈትሼዋለሁ። ሙላና እንሂድ።»

የሚኒባሱ ሞተር ባዶ ነበር። በድሩ እየቀዳ፣ እሷ እየሞላች፣ ፊልትሮውን አጥብቃ መለኪያውን እስክታይ ሌላ አሥር ደቂቃ ሄደ። ሕይወቷን በሙሉ ዘይት ስትሞላ እንደዚያ ቀን የዘገየ ዘይት አላየችም። ቁልፎቿን፣ ማንቆርቆሪያውንና ቅዳሜ የከፈተችውን ጀሪካን ጭና ጋቢና ገባች።

በድሩ ነዳ። ግራና ቀኝ የጨፋ ሜዳ፣ ከብት፣ የሽንኩርት ማሳ፤ ሀዲጃ አንዱንም አላየችም። ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። ሐርቡ ሲደርሱ በድሩ ሳያቆም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በአፋን ኦሮሞ ጮሆ ጠየቀ፤ ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ልጅ እጁን ወደ ኮምቦልቻ ዘረጋ። አልፏል፣ ቆይቷል።

ኮምቦልቻ ሊገቡ ሲሉ ኢማን አነሳች። ከኋላዋ ሳይረኑ ይሰማል፤ ከሳይረኑ በታች ደግሞ «ረቢ፣ ረቢ» የሚል የአሮጊት ድምፅ አለ።

«ሲስተር፣ እኔ ሀዲጃ ነኝ፣ ባለ ዘይቷ። ጠዋት የሞላሁት ዘይት የተጭበረበረ ነው። ለአደም ንገሪው፣ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ይቁም። መኪና ይዤ እየመጣሁ ነው።»

ኢማን ለሾፌሩ ጮኻ ነገረችው። ከዚያ የአደም ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ «የዘይት መብራቱ አልበራም። መኪናው ደህና ነው በያት።»

«መብራቱ ሲበራማ አልፏል» አለች ሀዲጃ። «ሲስተር፣ ሐረጎን አያወጣችሁም።»

«ዳገቱን ጀምረናል» አለች ኢማን። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፤ ሀዲጃን ይበልጥ ያስፈራት ይሄው ነበር። «ሀዲጃ፣ ሴትዮዋ እየደማች ነው። የደም ግፊቷ ወርዷል። ምን ያህል ሩቅ ናችሁ?»

«አሥራ አምስት ደቂቃ።»

«አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ? መኪናው ለመቆሙ እርግጠኛ ነሽ?»

ሀዲጃ ማንኪያውን አስታወሰች። ስለ ማንኪያው እርግጠኛ ናት። ሞተሩ የትኛው ኩርባ ላይ እንደሚያቆም ግን ላቦራቶሪም አይነግራትም።

«የት ላይ እንደሚቆም አላውቅም» አለች። «እንደሚቆም ግን አውቃለሁ። ካልቆማችሁ ጋዝ አያብዛ፣ ማርሹን ይቀንስ፣ ቀስ ይበል።»

«ቀስ ማለት አልችልም» አለች ኢማን። መስመሩ ተቋረጠ።

በድሩ ኮምቦልቻን በጥሩምባ ሰንጥቆ አለፈ። ዳገቱ ሲጀምር ሚኒባሱ አቃሰተ፣ ግን ወጣ። አንድ ኩርባ፣ ሁለተኛ ኩርባ፣ ከፊታቸው ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና። በድሩ ከኋላው ተለጥፎ መንገድ ጠበቀ። ሀዲጃ እግሯ ሳይታወቃት ወለሉን ይረግጣል።

«እለፈው።»

«አይታይም እትዬ። ብናልፈው ሁላችንም አንደርስም።»

ልክ ነው። ከኩርባው በኋላ አለፉት።

አምቡላንሱን ያገኙት ከዳገቱ መሀል ላይ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። አደም ጎማ ሥር ድንጋይ እያደረገ ነበር። ሀዲጃን ሲያያት ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መብራቱ በራ፣ ወዲያው አፏጨ፣ ከዚያ ጉልበት የለውም። ሞተሩ ተነካክሶ ሳይደርቅ አጠፋሁት» አለ።

የኋላ በሩ ተከፍቷል። ፋጡሜ የምትባለው ወላድ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አማቷ፣ አማርኛ ብዙም የማይሰሙ አሮጊት፣ እጇን ይዘዋል። ኢማን አንድ ጊዜ ብቻ ሚኒባሱን አየችና ወሰነች።

«ወንበሮቹን አንሱ። አልጋውን ወለሉ ላይ እናደርገዋለን።»

በድሩና አደም የመሀሉን ታጣፊ ወንበሮች አነሱ። አልጋው ሰያፍ ብሎ ገባ፤ በሩ አልዘጋ አለ፤ እንደገና አዙረው አስገቡት። ኢማን የግሉኮሱን ከረጢት በመስኮቱ መጋረጃ ሽቦ ላይ አንጠለጠለችና ተንበረከከች። ሀዲጃ አሮጊቷን ደግፋ ስታስገባ ሴትዮዋ ወደ እሷ ዞረው በአፋን ኦሮሞ መረቋት። ሀዲጃ ቋንቋውን ትሰማለች። ምርቃቱን ተቀብላ አሜን ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት።

«እትዬ፣ አትገቢም?» አለ በድሩ።

«ቦታ አታጣብቡ። ሂድ። ሂድ በቃ።»

ሚኒባሱ በተራ የበርሜል ዘይት እያቃሰተ ዳገቱን ወጣና ከኩርባው ጀርባ ጠፋ። ድምፁ እስኪጠፋ ሁለቱ ቆመው አዳመጡ።

ከዚያ ሀዲጃ አምቡላንሱ ሥር ገባች። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ስትፈታ የጋለው ዘይት ክንዷ ላይ ፈሰሰ፤ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። በመዳፏ የተቀበለችውን ወደ ፀሐይ አወጣችው። ዘይቱ ውስጥ እንደ ብናኝ የደቀቀ ብረት ያብረቀርቃል።

አደም ከኋላዋ ቆሞ አየ። «አለቀ?»

«ቱርቦው አልቋል። የሞተሩን ሆድ ከፍተው ሳያዩት እንዳታስነሳው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሀዲጃ፣ እኔ አምስት ልጆች አሉኝ» አለ። «ይሄን መኪና ሰበርክ ብለው ካባረሩኝ ሌላ የሚቀጥረኝ የለም። አንቺም ሱቅሽ ነው። ዘይቱን አፍስሰነዋል። የያዝሽውን ደህናውን ጀሪካን ጨምሪበት። ሲመጡ የሚያገኙት ደህና ዘይት ነው። ቱርቦው ከፋብሪካው ጉድለት ነበረበት ብንል ማን ያውቃል?»

ክንዷ ያቃጥላታል። አደም ክፉ ሰው እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ቃሉን የጠላችው ለዚህ ነበር፤ ቀላል ነውና።

«ማንም አያውቅም» አለችው። «ግን አራተኛው ጀሪካን አለ፣ የሱም ወንድሞች በየሱቁ አሉ። እኛ ዝም ካልን ነገ የሌላ መኪና ሆድ ውስጥ ይገባሉ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እኔ አንዱን ፈትሼ ለአራቱ መሰከርኩ። በጽሑፍ እሰጥሃለሁ።»

የፍሳሹን ዘይት ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ቀድታ ክዳኑን አጠበቀች። በአደም የጉዞ ወረቀት ጀርባ ላይም አምስት መስመር ጻፈችና ፈረመች። አደም ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። አላመሰገናትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከዚያ በኋላ የቀራቸው መጠበቅ ነበር። የሚያልፉ መኪኖች ፍጥነት እየቀነሱ ያዩዋቸዋል። ስልኩ በእጇ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ዘይና ነበረች፣ ምን እንደተፈጠረ ልትጠይቅ። ሀዲጃ አንድም ቃል ሳትመልስ ዘጋችባት።

በድሩ የደወለው ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

«ገብታ ተገላገለች» አለ። «ደም ሰጥተዋታል። ልጅቷ መጀመሪያ አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን አለቀሰች አሉ። ሴት ናት። ኢማን ሁለቱም አሉ በላት ብላለች።»

ሀዲጃ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። አልሐምዱሊላህ አለች፣ ደግማ አለች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። አደም ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረላት።

በሳምንቱ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ጠራት። አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ጠርሙሱንና አራተኛውን ጀሪካን ፊታቸው አስቀመጠችና የሆነውን አንድ በአንድ ተናገረች። ከመሀላቸው አንዱ፣ «ይሄን ሁሉ እያወቅሽ አራቱንም ለምን አልፈተሽሽም?» አላት። «ደንበኛ ነበር የተሰለፈው፤ ማኅተሙንም አመንኩ» አለች። መልሱ ለራሷም ቀለለባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤት መኪና ወደ ሱቋ እንዳይሄድ ተባለ። አደም ሥራው አልተነካም። ኮምቦልቻ ያለው አከፋፋይ እሱም ካርቶኑን ከማያውቀው ሰው እንደገዛ ተናግሮ ፖሊስ የቀሩትን ካርቶኖች ጭኖ ወሰደበት፤ ያሸገው ሰው ግን አልተገኘም። ተራ ሾፌሮች ግማሾቹ ቀሩባት፣ ግማሾቹ ደግሞ ጥፋቷን ራሷ ስላወጣች ይበልጥ ተማመኑባት።

ከወር በኋላ አንድ ሰው በግ እየጎተተ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። የፋጡሜ ባል ሸምሱ ነበር። ያን ሰኞ ባቲ ገበያ ከብት ሊሸጥ ወርዶ ነበርና የሰማው ማታ ነው።

«እህቴ፣ መኪናው ሲሰበር ሌላ መኪና ይዘሽ የደረስሽላቸው አንቺ ነሽ ብለውኛል» አለ። «እናቴ ስምሽን እየጠራች ነው የምትሰግደው። ይቺን ተቀበይኝ።»

ቃሉ ሲወርድባት ስለ ዘይቱ ምንም እንዳልሰማ፣ ገልጦ የነገረውም እንደሌለ ገባት። በጉ የሱቁን ደጃፍ ያሸታል። ዝም ማለት እንደገና በሯ ድረስ መጥቶላታል።

«ተቀመጥ» አለችው። «መጀመሪያ ስማኝ። መኪናው የተሰበረው እኔ በሞላሁት ዘይት ነው።»

ሁሉንም ነገረችው። ሸምሱ ሲሰማት ገመዱን የያዘው እጁ እየጠበቀ ሄደ። ስትጨርስ፣ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። «ፋጡሜም አፉ ትበለኝ።»

ተነሳ። «እኔ ላመሰግን ነበር የመጣሁት» አለ። «አሁን ምን እንደምል አላውቅም። ለሷ ልንገራት።» በጉን ይዞ ተመለሰ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሀዲጃ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች። በሦስተኛው ረቡዕ ሸምሱ ባዶ እጁን መጣና፣ «ትምጣ ብላለች» አላት፤ ሌላ አልጨመረም።

ጨፋ ሮቢት ሲደርሱ ፋጡሜ ከቤቱ ጥላ ሥር ልጇን እያጠባች ነበር። ገና ገርጥታለች። ሀዲጃ ፊቷ ተቀምጣ አፉ በይኝ ለማለት ስትጀምር ፋጡሜ አቋረጠቻት።

«ያን ቀን ዝም ብትይ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም።»

«በማግስቱ ብትቀይሪውስ?»

«ማንም አያውቅም ነበር።»

ፋጡሜ ልጅቷን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረች። «ለብዙ ቀን ተናድጄብሻለሁ» አለች። «ትንሽ ዛሬም አለ። እያደር ይወጣል። በረቢ ስም አፉ ብያለሁ።»

ሀዲጃ አመሰገነች። ሸምሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ ከመጣሽ አይቀር» አለ፣ «ሽንኩርቱን የማጠጣበት የውሃ ፓምፕ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይግላል፤ ያጨሳልም። ወንዙ ዳር ነው። ታይልኛለሽ?»

ሀዲጃ ጫማዋን አውልቃ በማሳው መሀል ተከተለችው።